ኔትወርክ ለማግኘት ኔትወርክ የሚጠይቅ ካርድ፦ የሊኑክስ ተጠቃሚ ተመራማሪዎች እንቅፋትና የተቋማት ድርሻ

ኡቡንቱና ዴቢያንን የመሳሰሉ ክፍት ምንጭ ሥርዓተ ክወናዎች የፈቃድ ክፍያ አይጠይቁም፤ አር፣ ፓይተንና ኪውጂአይኤስም በእነርሱ ላይ በሚገባ ይሠራሉ። ስለዚህ እንደ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ላለ ተቋም የድኅረ ምረቃ ተማሪ ተስማሚ ምርጫ ናቸው። ሆኖም ብዙዎች ገና በመጫኛው ዕለት ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ምክንያቱም ዋይፋዩ አይሠራም። ይህ እንቅፋት በተማሪው የክህሎት ማነስ ሊመካኝ አይገባም፤ መፍትሔው በዋነኛነት ያለው በተቋማት እጅ ነው።

የገመድ አልባ ካርድ ሁለት ነገሮችን ይሻል፦ ከከርነሉ ጋር የሚያግባባውን ድራይቨርና በራሱ በካርዱ ላይ የሚጫነውን ፈርምዌር። ኢንቴል የካርዶቹን ፈርምዌር ሌሎች እንዲያሰራጩት ስለፈቀደ ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ሊመጣ ይችላል። ብሮድኮም ግን ለቆዩ ካርዶቹ ይህን ፈቃድ አልሰጠም፤ በመሆኑም ቢ43 የተባለው ድራይቨር የሚያስፈልገው ፈርምዌር በመጫኛው ጊዜ ከኢንተርኔት መውረድ አለበት። ኢንተርኔት ለማግኘት አስቀድሞ ኢንተርኔት ማግኘት ግድ ይሆናል። የገመድ ወደብ የሌለው ቀጭን ላፕቶፕ የያዘ ተማሪ በዚህ አዙሪት ውስጥ ይቀራል።

ችግሩ በጊዜ ሂደት ተፈትቷል የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ ከፊል እውነትም አለው። ብሮድኮም እ.ኤ.አ. በ2010 ለአዳዲስ ካርዶቹ ክፍት ድራይቨር አውጥቷል። በ2020 የወጣው የሊኑክስ ከርነል 5.9 አርቲኤል8821ሲኢ የተባለውን የሪልቴክ ካርድ መደገፍ ጀምሯል። በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ደግሞ ክፍት ያልሆኑ ፈርምዌሮችን በይፋዊ መጫኛው ውስጥ አካቷል። ነገር ግን ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ወይም ከጓደኛው የቆየ የመጫኛ ፍላሽ የተዋሰ ተማሪ የዚህ መሻሻል ተጠቃሚ አይሆንም።

ስለዚህ ሦስት ርምጃዎች ተገቢ ናቸው። አንደኛ፣ የትምህርት ክፍሎች የቅርብ ጊዜ መጫኛዎችንና ለማሰራጨት የተፈቀዱ የድራይቨር ጥቅሎችን በቤተ ሙከራ ኮምፒውተሮች ላይ ያኑሩ፤ ተማሪው በፍላሽ ይቅዳቸው። ሁለተኛ፣ ለአዲስ ገቢዎች በሚሰጥ ገለጻ ሁለት ቀላል ዘዴዎች ይካተቱ፦ ‹ኤልኤስፒሲአይ› በተሰኘው ትእዛዝ የካርዱን አምራችና ዓይነት መለየት፣ እንዲሁም ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ኢንተርኔት ማጋራት። ለኋለኛው የሚያስፈልገው ድራይቨር አስቀድሞ በከርነሉ ውስጥ አለ፤ በርካታ የአንድሮይድ ስልኮችም የተገናኙበትን ዋይፋይ በዚሁ ገመድ ስለሚያሳልፉ የሞባይል ዳታ ወጪ ላያስፈልግ ይችላል። ሦስተኛ፣ ላፕቶፕ ሲገዛ በጨረታ ሰነዱ ላይ «ዋይፋይ ያለው» ማለት አይበቃም፤ ካርዱ በሊኑክስ ከርነል የሚደገፍ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ሊኑክስን በዚህ እንቅፋት የተወ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው ፈቃድ ወደሌለውና በወቅቱ ወደማይታደስ ዊንዶውስ ነው። በአረካ ወይም በቦዲቲ ከአርሶ አደሮች ለወራት የሰበሰበው መረጃም በዚያው ለቫይረስ በተጋለጠ ማሽን ላይ ይቀመጣል። ይህን አደጋ ለመቀነስ የሚያስፈልገው ጥቂት ፍላሾች፣ የአንድ ሰዓት ገለጻና በጨረታ ሰነድ ላይ የሚታከል አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።