ስልክህን አንሳ፤ እናትህ በሚገባት ቋንቋ አስረዳ

የዋግ ልጅ፣ የትም ያለህ ወገኔ! ዛሬ ስለ ስብሰባና ስለ መግለጫ አላወራህም። ስለ ኪስህ ስልክ ነው የማወራህ። አንቺም እህቴ፣ ነገሩ ላንቺም ነው።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የሚባለውን ታውቀዋለህ? ስሙን መቼም ሰምተኸዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2030 ለማስቆም ቃል ገባ፤ ለቃሉም የከተማችንን ስም ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ሰቆጣ የሚለው ስም በየስብሰባው ይጠራል፣ በእንግሊዝኛ ሪፖርት ላይ ይታተማል። ጥሩ። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ይሄ ነው፦ በሰቆጣ ገበያ እንቁላል ይዛ ቁጭ ያለችው እናት መቀንጨር ከየት እንደሚመጣ ማን ነገራት? በየትኛው ቋንቋ?

የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን ተራራ እየወጡ፣ ገደል እየወረዱ ይነግራሉ፤ ክብር ይገባቸዋል። ግን አንዲት ሴት በእግሯ በቀን ስንት ቤት ትደርሳለች? አንተስ ዲግሪህን ይዘህ፣ ስልክህን ይዘህ፣ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠራ ትውላለህ? አትቆጣ፤ እኔም እንዳንተው ነኝ። ተመርቄ ሥራ ካጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የማውቀውን ነው የምነግርህ።

ያጠናሁት የዕፅዋት ሳይንስ ነው። ተመርቄ ቤት ስመለስ የአባቴ ማሽላ ቀጭጮ፣ ቅጠሉ ደርቆ፣ ከሥሩ ሐምራዊ አበባ ያለው አረም ወጥቶበት አገኘሁት። አቀንጭራ ነው። አባቴ «መሬቱ ደክሞታል» አለኝ። እኔ ስለዚህ አረም በእንግሊዝኛ ተፈትኜ ጥሩ ውጤት ያመጣሁ ሰው ነኝ። አባቴ ግን «ታዲያ ተምረሃል፣ ንገረኛ ምንድነው?» ሲለኝ አፌ ተሳሰረ። ሳይንሱን አውቀዋለሁ፤ በአባቴ ቋንቋ ግን አላውቀውም። ያን ቀን ያፈርኩትን ሥራ ፍለጋ ስንከራተት አፍሬ አላውቅም።

እስቲ አሁን ላስረዳህ። የአቀንጭራ ዘር ከአቧራ የማይለይ ደቃቅ ነው። አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ታራግፋለች። ዘሩ አፈር ውስጥ ተኝቶ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ከአሥር ዓመት በላይ ይጠብቃል። ምን ይጠብቃል? የማሽላው ሥር ሲያድግ ወደ አፈር የሚለቀውን ኬሚካል። ያ ኬሚካል ለአቀንጭራ «ምግብ መጣ፣ ተነስ» እንደማለት ነው። ዘሩ ይነቃል፣ ሥሩ ላይ ይጣበቃል፣ የማሽላውን ውኃና ምግብ ይመጣል። አበባውን ከመሬት በላይ ስታየው አብዛኛው ጉዳት ከታች ተሠርቶ አልቋል።

ይሄንን ምስጢር ይዘው መፍትሔ የፈለጉት ደግሞ የኛው አገር ሰው ናቸው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ያንን ጥሪ በጣም በትንሹ የሚለቅ የማሽላ ዝርያ አዳቀሉ። ማሽላው ካልጠራው አቀንጭራው አይነቃም። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለሙ። ዓለም ያጨበጨበለትን እውቀት ችግሩ ያለበት ገበሬ ካልሰማው ግን ምኑን ደረሰ?

እና ምን አደረግኩ? ስልኬን ይዤ ማሳው ላይ ወረድኩ። አቀንጭራውን ከነማሽላው ነቀልኩ፣ ሥሩን በውኃ አጠብኩ፣ የተጣበቀበትን ቦታ አስጠግቼ ቀረጽኩ። የታናሽ ወንድሜ እጅ ስልኩን ይዟል፣ አክስቴ ደግሞ ኽምጥኛዬን ታርመኛለች። «እንዲህ አይባልም፣ እንደ ከተማ ሰው አታውራ» እያለች ስድስት ጊዜ አስደገመችኝ። ሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ወጣ።

እውነቱን ልንገርህ፣ የመጀመሪያው ስህተት ነበረበት። «አንዴ ከነቀላችሁት በቃ ጠፋ» ብዬ ነበር። አንድ የግብርና ባለሙያ አይቶ «ልጄ፣ አፈር ውስጥ ያለውን ዘር ረሳኸው» አለኝ። አጠፋሁትና እንደገና ሠራሁት፦ ሳያብብ ንቀሉ፣ በየዓመቱ ንቀሉ፣ ማሳውን በፍግ አጠንክሩ፣ ማሽላን ከጥራጥሬ ጋር አፈራርቁ፣ የሚቋቋም ዘር ካለ ጠይቁ።

ኔትወርክ የለም አትበለኝ። እኔም የለኝም። በዜንደር ለአንዱ ላክሁ፣ እሱ ለሌላው ላከ፣ አንዱ በሚሞሪ ይዞት ወደ ዝቋላ ሄደ። አንድ ቀን ጠላ ቤት ቁጭ ብዬ የማላውቃቸው ሽማግሌ ከስልክ ላይ የኔን ድምፅ ሲሰሙ አገኘኋቸው። አጠገባቸው ላለው ሰው «ዘሩ ተኝቶ ይጠብቃል ይላል እኮ፣ እንደ ሽፍታ» አሉት። ወንድሜ፣ ዲግሪዬ መጀመሪያ ሥራ የሠራው እዚያ ጠላ ቤት ነው።

አሁን ልብ በል። ማሽላውን የሚበላው አቀንጭራ፣ ልጁን የሚያስቀረው መቀንጨር። ሁለቱም ከአንድ ቃል የወጡ ናቸው። ሕዝባችን ቃሉን ያውቀዋል፤ መንገዱን የሚያሳየው ነው ያጣው። መቀንጨርም እንደ አቀንጭራው ከውጭ ሲታይ ብዙው ነገር ከውስጥ አልፏል። ከፅንስ ጀምሮ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው 1,000 ቀን ነው፤ 270 በሆድ፣ 730 ከተወለደ በኋላ። የአእምሮውም የቁመቱም መሠረት በዋናነት የሚጣለው በነዚህ ቀናት ነው። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ውኃ እንኳን ሳይጨመር። ከዚያ በኋላ ከጡቱ ጋር ገንፎው ላይ እንቁላል፣ ጥራጥሬ፣ ወተት የተገኘውን ያህል። እሱም የሚቀርበው በታጠበ እጅ፣ በንጹሕ ውኃ ነው፤ ተቅማጥ የበላውን ከልጁ ላይ ይቀማልና።

ድህነትንና ድርቅን በቪዲዮ እናጠፋለን እያልኩህ አይደለም። እንቁላሉን ሸጣ ጨውና ዘይት የምትገዛ እናት እውቀት ብቻ አይደለም የጎደላት። ከአምስት እንቁላል አንዱን ለልጇ ማስቀረት ምን እንደሚለውጥ ብታውቅ ግን ውሳኔው የራሷ ይሆናል። ሳታውቅ ሌላ ሰው እየወሰነላት መኖር የለባትም።

«እኔ ማን ነኝ ሳይንስ የማስተምር?» ትል ይሆናል። ዶክተር አክሊሉ ለማን አስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አየ። ከሚታጠብበት በታች ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፈው ነው። ትልቁ ግኝት የጀመረው እናቶቻችን ልብስ ሲያጥቡ ቆም ብሎ ከማየት ነው። የኛ ወንዝ ዳር ስንት ያልተጠየቀ ጥያቄ አለ?

«ካሜራ የለኝም» ትይ ይሆናል። ብሩክታዊት ጥጋቡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ከባለቤቷ ጋር ቤታቸው ውስጥ በአሻንጉሊት ቀርጸው ነው የጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ፣ ስንቱን ሕፃን ጤናና ፊደል አስተማረ። ሳልማን ካንም ለአጎቱ ልጅ ሒሳብ ሲያስጠና ነው ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን ትምህርት ቤት የጀመረው። ሁሉም የጀመሩት ቅርባቸው ካለ ሰው ነው። አንተም ከአባትህ ጀምር፣ አንቺም ከእናትሽ።

አሠራሩ ይሄ ነው። አንድ ቪዲዮ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልስ። ከሦስት ደቂቃ አይብለጥ፤ ፋይሉ ከከበደ በዜንደር አይሄድም። ፀሐይ ከፊትህ ትሁን። ነፋስ ካለ ግድግዳ ተጠግተህ ቅረጽ፤ ሰው ምስል ቢደበዝዝ ይታገሣል፣ ድምፅ ካልተሰማ ግን ያልፈዋል። ነገሩን አሳይ እንጂ ብቻ አታውራ። በኽምጥኛም በአማርኛም ሥራው። ከመልቀቅህ በፊት ለሁለት ሰው አሳይ፦ አንድ ለሚያውቅ ባለሙያ፣ አንድ ምንም ላልተማረ ሰው። ባለሙያው ስህተትህን፣ ያልተማረው ሰው ደግሞ ያልገባውን ይነግርሃል።

በመጨረሻ አንድ ከባድ ነገር። «ስኳርን በሦስት ቀን የሚያድን ቅጠል» እያለ የሚዋሸውም ሰው ያለው ስልክ እንዳንተው ዓይነት ነው። እሱ አይደክመውም፣ በየቀኑ ይለቃል። እውነቱን የምናውቀው ዝም ካልን ሜዳው የሱ ነው። ወገንን መውደድ በፉከራ ብቻ አይደለም። ወገንህን የምትወድ ከሆነ አትዋሸው፤ የማታውቀውንም «አላውቅም፣ ጠይቄ እመለሳለሁ» በለው።

ሥራ እስክናገኝ ድረስ ሥራ አለን። ዘንድሮ ከሰቆጣ እስከ አምደወርቅ፣ ከዝቋላ እስከ አበርገሌ በየቀበሌው አንድ ተመራቂ አንድ ቪዲዮ ይሥራ። የከተማችን ስም ያለበትን ቃል ኪዳን እናቶቻችን በገዛ ቋንቋቸው ይስሙት።

ይሄን አንብበህ ስትጨርስ ስልኩን አታስቀምጠው። ካሜራውን ክፈት፤ አንቺም ክፈቺ።