ቤታችሁን ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ክረምት ክረሙበት



ባለፈው እሑድ ከዕድር ስብሰባ ስንወጣ ሦስት ሰዎች በየተራ እጄን ይዘው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «አንተ አገሩን ዞረኸዋል፤ ኑሮው ረከስ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ሰላም ያለበት ከተማ የቱ ነው?» ሦስቱም ጡረታ ወጥተዋል፤ ሦስቱም ቤታቸውን ለመሸጥ ደላላ አነጋግረዋል። ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ «እጽፍላችኋለሁ» ብዬ ተለየኋቸው። ይኸው ጻፍኩ።

ጥያቄው ከየት እንደመጣ አጥቼው አይደለም። የጡረታው ብር ወሩን አጋምሶ ያልቃል። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርሱ አርባ ዓመት አጥር የተጋሩ ጎረቤታሞች በየዳርቻው ተበትነዋል። ከእንግዲህ አዲስ አበባ ምን ቀረኝ የሚል ሰው አይፈረድበትም። ቤቱ ያልተነካበት ደግሞ ቁጭ ብሎ ያሰላል፦ ይህን ሸጬ፣ ሐይቅ ዳር ጥሩ ግቢ ገዝቼ፣ የተረፈውን ባንክ አስቀምጬ፣ ንጹሕ አየር እየተነፈስኩ ዕድሜዬን እጨርሳለሁ። ሒሳቡ ወረቀት ላይ ሲያዩት ስሕተት የለበትም። ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረው ነገር ነው እኔን የሚያስፈራኝ።

34 ዓመት የመንገድ ቀያሽ ነበርኩ። ከደብረ ብርሃን እስከ አርባ ምንጭ፣ ከጅማ እስከ ድሬዳዋ በበጋም በክረምትም ኖሬባቸዋለሁ። በራሴ ዞሬ ስለ ከተሞቹ ያወቅሁት ግን በአንድ የሥራ ባልደረባዬ ላይ ከደረሰው ከተማርኩት ያነሰ ነው።

ይህ ሰው በጥር ወር ለዘመድ ሠርግ ወደ አንዲት የሐይቅ ከተማ ሄደ። ከተማዋን ስም አልጠራም፤ የበደለችው እሷ አይደለችምና። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ዓሣው ትኩስ፣ ሰዉ ተጫዋች። ባለቤቱ «እዚህ ብንኖርስ?» አለች። በመጋቢት የአዲስ አበባ ቤታቸውን ሸጡ፤ በሚያዝያ ገቡ። ባለቤቱ የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። በነሐሴ አንድ ሌሊት፣ ዝናቡ ሲዘንብ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ራሷን ሳተች። ባጃጅ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ አይንቀሳቀስም ነበር። የሚያውቀው ስልክ ቁጥር የደላላውና የሠርገኛው ዘመዱ ብቻ ነበር፤ አንዱ አላነሣም፣ ሌላው ከከተማ ወጥቶ ነበር። ጎረቤቶቹ በአጥር ማዶ የሚሰማቸውን ጩኸት የማን እንደሆነ አላወቁም። ሲነጋጋ አንድ የአይሱዙ ሾፌር አገኘና ጭኖ ሆስፒታል ወሰዳት። እዚያ ያሉት ሐኪሞች የሚችሉትን አድርገው ወደ አዲስ አበባ ላኳት። መንገድ ላይ አረፈች።

ከዚያ የሆነውን ስሙኝ። በአዲሱ ከተማ ያለው ዕድር የመግቢያውን ገንዘብ ተቀብሎታል፤ ደንቡ የሚያስጠብቀው ጊዜ ግን አላለቀም። በአሮጌው ሰፈር ያለው ዕድር ደግሞ ወርኃዊውን ስላቋረጠ ስሙን ሰርዞታል። አርባ ዓመት ድንኳን ሲተክል፣ ሬሳ ሲሸከም የኖረ ሰው ሚስቱን የሚቀብርበት ዕድር አጣ። ድንኳኑን ያመጡለት የድሮ ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ደንቡ ሳያስገድዳቸው፣ ስለ ሰውነት ብለው።

ይህን የምነግራችሁ ላስለቅሳችሁ አይደለም። ከተማ ስትመርጡ ቤቱ ስንት ነው፣ ጤፉ ስንት ነው ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «በሌሊት ብታመም ማን በር ይከፍትልኛል? ብሞት ማን ያነሣኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ በዚህ ዕድሜ የምንገዛው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አይደለም። ዕድር ውስጥ ገብቶ ለመታወቅ ዓመታት ይፈጃል። አዲስ ገቢ የዕድሩ ገንዘብና ዕቃ ተገምቶ ድርሻውን ይከፍላል፤ እንደየደንቡ ወራት ይጠብቃል። ገንዘቡ ቀላሉ ነው። በሰው ለቅሶ መታየት፣ ሰንበቴ ማብላት፣ የታመመ መጠየቅ፣ በመስጊዱ ጀመዓ መታወቅ ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ በሰባ ዓመት ጉልበት እንደ አዲስ መጀመር ከባድ ነው። ስለዚህ ብትሄዱም የአሮጌውን ዕድር ወርኃዊ አታቋርጡ። በልጃችሁ በኩልም ቢሆን ክፈሉ።

ሞቅ ያለ ከተማ እንፈልጋለን ስትሉም ሙቀቱ የማን እንደሆነ ለዩ። ቢሾፍቱ ቅዳሜና እሑድ ስትሄዱ ሆራና ባቦጋያ ዳር ሰው ይተራመሳል፣ ሙዚቃው ይሰማል። ያ ሙቀት የእንግዳ ነው፤ እሑድ ማታ በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። የእናንተን ኑሮ የሚያሞቀው ማክሰኞ ጠዋት ከኪዳን መልስ ቡና የሚጠራችሁ ሰው ነው። ከተማን በጥምቀት ሰሞን አይታችሁ አትፍረዱ። በሐምሌ፣ ጭቃው ሲጨቀይ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ውኃው በፈረቃ ሲመጣ እዩት።

ስለ አየሩም ልንገራችሁ፤ ከፍታ የሙያዬ ጉዳይ ስለሆነ በእርግጠኝነት እናገራለሁ። ጤና ሚኒስቴር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለውን አገር ለረጅም ዘመን የወባ አገር ብሎ ሲቆጥር ኖሯል። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ፣ አዳማና ሐዋሳ 1,700 ገደማ፣ አርባ ምንጭ 1,300 ገደማ ናቸው። የተመኘናቸው የሐይቅ ከተሞች ሁሉ ማለት ይቻላል ከመስመሩ በታች ናቸው። እዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ከወባ ጋር ትግል ያውቃል፤ እኛ የደጋ ሰዎች አናውቅም። አሁን ደግሞ ከ2009 ወዲህ የታየ፣ ከተማ የሚወድ፣ በሮቶና በበርሜል በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ የሚራባ የወባ ትንኝ መጥቷል። ድሬዳዋ በ2014 በደረቁ ወቅት ወረርሽኝ ያየችው በእሱ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ የሌለው ግቢ የለምና፣ የሮቶውን ክዳን ግጥም አድርጎ መዝጋት ሕይወት ማትረፍ ነው። በአጎበር ተኙ፤ «ለልጅ ነው» አትበሉ።

የስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውኃ ደግሞ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የወንጂንና የመተሐራን ሰው ጥርስ ያየ ያውቀዋል፤ ሲቆይ አጥንትም ይጎዳል። የምትገቡበት ቤት ውኃ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። መሬቱም ዝም ያለ አይደለም፤ በ2017 በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ለወራት ስትንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቆ ነበር።

ወደ ደጋው ልሂድ የሚልም አለ። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፤ ደግ ሰው አለባት፣ ኑሮውም ይቻላል። ከፍታዋ ግን 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ላለበት ሽማግሌ ጠላት ነው። ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትውጡ።

አሁን ወደ ሰላም ልምጣ፤ ከሁሉ ይበልጥ የምጠነቀቅበት ይህ ነው። ሰው ስለ ከተማ ሰላም ሲጠይቅ «ተኩስ አለ ወይ? ሌባ አለ ወይ?» ይላል። ከተማው ውስጥ ሰላም ሆኖ መንገዱ ሰላም ካልሆነ ከተማው ለታመመ ሰው እስር ቤት ነው። ባሕር ዳርን የማይወድ ማን አለ? ጎዳናዋን፣ ዘንባባዋን፣ ጣናን እኔም እናፍቃለሁ። ግን በአማራ ክልል በሐምሌ 2015 ማለቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የሆነውን ታውቃላችሁ። በሰኔ 2016 መጨረሻም ከሰሜን ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎችና ሌሎች መንገደኞች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታግተው ተወስደዋል። እኔ ያንን መንገድ በእግሬ ለክቼዋለሁ። ዛሬ ግን ልጄን «በእሱ ና» ልለው አልችልም። በአውሮፕላን እንዳንል ጡረታችን ይታወቃል። ልጆቻችሁ ሊጠይቋችሁ የሚፈሩበት ከተማ፣ ሐኪም «አዲስ አበባ ውሰዷት» ሲላችሁ መንገዱን ለማጣራት ስልክ የምትደውሉበት ከተማ፣ ዛሬ ለእኛ አይሆንም። ነገ እግዚአብሔር ሰላሙን ያምጣ፤ ያኔ እንነጋገራለን።

ሌላም አለ። ከተማን በክፉ ቀኑ ጠይቁት። በእኛ ዘመን ብዙ ከተሞች ክፉ ቀን አይተዋል፤ ሐዋሳ በ2010ና በ2011፣ ሻሸመኔ በሰኔ 2012 ማለቂያ ያየችውን እዚያ የነበረ ሰው ይንገራችሁ። ከተሞቹን ለመኮነን አይደለም። በዚያ ቀን ጎረቤቱን በቤቱ የሸሸገ ሰው በየሰፈሩ አለ። ልትገቡበት ያሰባችሁት ሰፈር ውስጥ ሽማግሌዎቹን አግኙና «ያን ቀን እዚህ ምን ሆነ? መጤውን ማን አስጠለለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሳቸው ከየትኛውም የደላላ ወሬ ይበልጣል።

ስለ ቤቱ ወረቀት በአጭሩ። በርካሽ የሚቀርብላችሁ ሰፊ ግቢ ብዙ ጊዜ የጨረቃ ቤት ወይም የገበሬ መሬት ነው። መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ከልክሎታል። በየካቲት 2011 ለገጣፎ ቤቶች ሲፈርሱ መብራትና ውኃ የገባላቸው፣ ለዓመታት የተኖረባቸው ጭምር ነበሩ። «ካርታው በሂደት ላይ ነው» የሚላችሁን አትስሙ። በውክልና አትግዙ፤ ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮ ይሞታል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መደረግ አለበት። በሽማግሌ ፊት ተፈራርሞ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት የተመላለሰ እኩያችን ጥቂት አይደለም።

የሸጣችሁበትን ብርም አስቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በዚያ ሰሞን ቤቱን ሸጦ ብሩን ባንክ ያስቀመጠ ሰው ብሩን ሳይነካው በዶላር ሲሰላ ዋጋው ወደ ግማሽ ሲጠጋበት አይቷል። ቤት ይቆያል፤ ብር በዓይናችሁ ፊት ይሟሟል። ደግሞም ከአዲስ አበባ አንድ ጊዜ ሸጦ የወጣ ሰው ተመልሶ የሚገዛበት ዋጋ አያገኝም። ይህን ያየሁት በአንድ ሰው ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍላችሁም ነበር።

«ታዲያ አንሂድ?» ትሉኝ ይሆናል። ሂዱ። ግን እንዲህ አድርጉ። ክረምቱ ሊገባ ሳምንታት ቀርተዋል። በመረጣችሁት ከተማ በርካሽ ሰርቪስ ቤት ተከራዩና ሐምሌንና ነሐሴን ክረሙበት። የአዲስ አበባውን ቤት ቆልፋችሁ ወይም ለዘመድ አደራ ሰጥታችሁ ሂዱ። ላከራየው የምትሉ፣ በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚያዝ ሐሳባችሁን ብትለውጡ ቶሎ ተመልሳችሁ አትገቡበትም። መሸኛ ለማውጣት አትቸኩሉ። የጤና መድን ደብተር የሚሰጠው በተመዘገባችሁበት ወረዳ ነው፤ መመዝገቢያው ጊዜም በዓመት ውስጥ የተወሰነ ነው። አሮጌውን ትታችሁ አዲሱን ሳታገኙ የምትቆዩባቸውን ወራት ሕመም አይጠብቅም።

እዚያ ስትደርሱ ሆስፒታሉን በቀን ብቻ አትጎብኙ። በሌሊት ስድስት ሰዓት ሄዳችሁ ተረኛ ሐኪም መኖሩን፣ ኦክስጅን መኖሩን፣ የምትወስዱት መድኃኒት በከተማው ፋርማሲ መገኘቱን በዓይናችሁ እዩ። ካንሰር ያለባችሁ፣ ኩላሊት አጠባ የጀመራችሁ፣ ይህን ጉዞ ጨርሶ እርሱት። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና በአገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን በሌሎችም ከተሞች ቢጀመርም የሚያውቃችሁ ሐኪም ያለው እዚህ ነው። ሌሊት የሚነሣ ባለ መኪና ፈልጉ፤ ስልኩን ትልቅ አድርጋችሁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ለቅሶ ሲኖር ባትታወቁም ሄዳችሁ ተቀመጡ፤ ከተማው እንዴት እንደሚቀብር እዚያ ታያላችሁ።

ያ ባልደረባዬ ዛሬ ከልጁ ጋር በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ሊፍት የለውም፤ ጉልበቱ ስለሚያመው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እሑድ ብቻ ይወርዳል። ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት አንብቤለት ነበር። «የእኔን ጻፈው፤ ግን ቀኑን ንገራቸው» አለኝ። ቀኑ ይህ ነው፦ ከእናንተ መካከል የሽያጭ ውል ለመፈረም ቀጠሮ የያዛችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ ቀጠሮውን እስከ መስከረም አራዝሙት።