ኢኮ ይነሳ ሲባል

«ልጁ ኢኮ ይነሳ» ሲባል ብዙ ወላጅ ልጁ ኦፕራሲዮን ሊደረግ ነው ብሎ ይደነግጣል። በተለይ ከቴፒ ወይም ከሚዛን ተነስቶ፣ የቡና ለቀማውን ጥሎ፣ ሪፈር ይዞ ጅማ ለገባ ሰው ድንጋጤው እጥፍ ነው።

ኢኮ የልብ አልትራሳውንድ ነው፤ ነፍሰ ጡር እናት የምትነሳው ዓይነት። ደረት ላይ ቅባት ይቀባል፣ መሣሪያው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይልካል፣ ከልብ ነጥሮ የሚመለሰው ድምፅ ምስል ይሆናል። መርፌ የለውም፣ ጨረርም የለውም። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ቀለም ብታዩ የተበላሸ ደም አይደለም፤ ቀይና ሰማያዊው ደሙ ወዴት እንደሚፈስ መለያ ነው። ሐኪሙ የሚፈልገው የልቡ በሮች፣ ማለትም ቫልቮቹ፣ በደንብ መክፈትና መዝጋታቸውን ነው።

የልጅ ልብ በምን ይጎዳል? በአገራችን ብዙ ጊዜ መነሻው ቶንሲል ነው። የጉሮሮውን ባክቴሪያ ለመዋጋት የተነሳው የሰውነት መከላከያ፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ የራሱን ልብ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይመታል። የሰው ልብ በተተከለለት ሕመምተኛም የሚፈራው የዚህ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ክርስቲያን ባርናርድ ኬፕታውን ላይ የመጀመሪያውን የልብ ንቅለ ተከላ ካደረጉ ወዲህ፣ ሐኪሞች ሰውነት አዲሱን ልብ እንዳይገፋው ይጠብቃሉ። ለዚህም በአንገት ደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው ከልቡ ሥጋ ቆንጥረው ይመረምራሉ። ኢኮና ኤምአርአይ ይህን ቆንጠጣ ቢቀንሱትም ጨርሰው አልተኩትም። የእኛን ልጆች ቫልቭ ለማየት ግን ኢኮው ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

አያቶች አትቆጡኝ፤ እንጥል ማስቆረጥ ይህን አይከላከልም፣ ደም ማፍሰስና ቁስል ነው ትርፉ። ጉሮሮውን አሞት የሚያተኩሰው ልጅ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከጉልበት ወደ ክርን የሚዘዋወር ቁርጥማትም «እያደገ ነው» ተብሎ አይታለፍ።

ኢኮው ቫልቭ መጎዳቱን ካሳየ፣ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይታዘዛል፤ ቢያንስ ለ10 ዓመት። ረጅም ነው። ልጁ ድኖ ሲሯሯጥ ደግሞ መርፌው ትርፍ ይመስላል። ነገር ግን መርፌ ባቋረጠ ልጅ ላይ በሽታው ባገረሸ ቁጥር ቫልቩ ይብስበታል። ከዚያ የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ነው፤ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ደግሞ ወረፋው ረጅም ነው።

ለቀማ ይዛችሁት ከሄዳችሁ የመርፌ ካርዱንም ያዙ፤ ቀኑ እዚያ ሳላችሁ ከደረሰ በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ካርዱን አይቶ ይቀጥላል።