ጆንያውን ሳይፈታ ዋጋ የሚቆርጥ ገበያ

ቆቦ ገበያ የወጣ ሰው እንደሚያውቀው ማሽላ የሚገዛ ነጋዴ በሻጩ ወሬ ብቻ ገንዘብ አይቆጥርም። የጆንያውን አፍ ያስፈታል፤ እጁን እስከ ክንዱ ሰዶ ከሥረኛው እህል እፍኝ ያወጣል፤ በመዳፉ ላይ ነፋ አድርጎ ነቀዝና አፈር መኖር አለመኖሩን ያያል። ዋጋ የሚነገረው ከዚህ በኋላ ነው። የራያ ቆላ ገበሬም በዚህ አይቀየምም። እህሉን የሚያምን ሻጭ እንዲያውም ጆንያውን ራሱ ይፈታል።

በዚሁ ከተማ የሥራ ገበያ ግን ጆንያው ሳይፈታ "ይቅርብኝ" የሚባልበት ወገን አለ። እሱም የአካል ጉዳት ያለበት የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ይህ ጽሑፍ ምጽዋት ለመለመን አልተጻፈም፤ በገበያ ገጽ ላይ የወጣውም ስለዚህ ነው። ነገሩ በመረጃ እጦት የተበላሸ ገበያ ነገር ነው።

ቆቦ ላይ ያነጋገርኳት አንዲት የሒሳብ አያያዝ ተማሪ በልጅነቷ በደረሰባት ሕመም ምክንያት በክራንች ነው የምትሄደው። ቤተሰቦቿ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ ማሽላና ጤፍ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። የምትማርበት ኮሌጅ የተግባር ልምምድ ጊዜ ሲደርስ ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት የትብብር ደብዳቤ ሰጠ። ቦታ የመፈለጉ ጣጣ የተማሪው ነው። ጓደኞቿ አንዱ በአጎቱ፣ ሌላው በጎረቤቱ በኩል በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ አገኙ። እሷ አምስት በር አንኳኳች። ሁለቱ "ሞልቷል" አሏት። ሌሎቹ ሁለት "እናስብበት" ብለው በዚያው ቀሩ። አምስተኛው ቤት ያሉት ኃላፊ ግን ከመቀመጫቸው ተነስተው ተቀበሏት፤ ውኃ አስመጡላት፤ ከዚያም "እህቴ፣ ቢሯችን ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ያደክምሻል። ለአንቺው አስበን ነው" ብለው ደብዳቤዋን መለሱላት።

"ማንም አልሰደበኝም፤ ሁሉም አዘኑልኝ። ሒሳብ ትችያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም" አለችኝ።

በመጨረሻ ልምምዱን እዚያው ኮሌጇ ውስጥ ፋይል ስትደረድር ጨረሰች። ነጥቡን አገኘች፤ ሙያውን ግን አላየችውም።

ለመሆኑ ሁለትና ሦስት ወር የማይሞላ፣ አብዛኛውን ጊዜም ደመወዝ የሌለው ልምምድ ይህን ያህል ምን ዋጋ አለው? መልሱ የቆቦን መሰል ከተማ የሥራ ገበያ ጠባይ ለሚያውቅ ግልጽ ነው። በዚያ ቀጣሪ የሚባሉት የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ተቋማት፣ የባንክ ቅርንጫፎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ጥቂት የእህልና የሽንኩርት ነጋዴዎች ናቸው። የግሉ ቀጣሪ ከማስታወቂያ ይልቅ ዓይኑን ያምናል። ሰው ሲጎድለው በመጀመሪያ ትዝ የሚለው አምና በልምምድ መጥቶ ደብተሩን በንጽሕና የያዘለት ልጅ ነው። ልምምዱ ነጋዴው ከጆንያው የሚያወጣው እፍኝ መሆኑ ነው። እፍኙን ያላሳየ ተመራቂ የማስረጃ ወረቀቱን ይዞ ከሌላው እኩል ቢሰለፍም ሰልፉ እኩል አይደለም።

የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት ለዚህ ስም አላቸው። ኤድመንድ ፌልፕስ የተባሉት አሜሪካዊ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ ቀጣሪ ስለ አንድ አመልካች ችሎታ በቂ መረጃ ሲያጣ ግለሰቡን የሚመዝነው ስለ ወገኖቹ በያዘው ጠቅላላ ግምት ነው። ቀጣሪው ክፉ መሆን አያስፈልገውም፤ አለማወቁ ብቻ ይበቃል። ውኃ ያስመጡት ኃላፊ ክፉ ሰው አይደሉም። የማያውቁትን ነገር በግምት ዋጋ ቆረጡለት እንጂ። እንዲህ ያለውን ጉድለት ስብከት አያርመውም፤ የሚያርመው መረጃ ነው።

አንዳንድ ወገኖች "ሕግ አለ አይደለም ወይ?" ይላሉ። በእርግጥ አለ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አድልዎን ይከለክላል፤ አካል ጉዳተኛው አስፈላጊውን ችሎታ ይዞ ከሌሎች ተወዳዳሪዎች ጋር እኩል ወይም የተቀራረበ ነጥብ ካገኘ ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ አሠሪው ለሥራም ሆነ ለሥልጠና አመቺ ሁኔታ እንዲፈጥርም ግዴታ ይጥልበታል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ሀገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ አጽድቃለች። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ የቅጥር ሕግ ዋና ጉልበቱ የሚታየው ተወዳዳሪው ከነጥቡ ጋር ከመዝገቡ ፊት ሲቀርብ ነው። የትብብር ደብዳቤ ይዛ ከበር የተመለሰች ተማሪ ግን ገና ተወዳዳሪ አልሆነችም። ነጥብ የላትም፤ የውድድር ቃለ ጉባኤም የለም። የምትከስበት ማስረጃም ሆነ ጊዜ የላትም።

ሌሎች ደግሞ ብርቱ የሆነ ሰው ራሱ መንገዱን ያገኛል ይላሉ፤ ምሳሌ የሚያደርጓትም ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤን ነው። ወሎ ሳይንት የተወለደችው የትነበርሽ ዓይኗን በአምስት ዓመቷ ብታጣም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቃለች፤ በአካል ጉዳትና ልማት ላይ የሚሠራ ማዕከል ከመሠረቱት አንዷ ሆናለች፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። የምታኮራ የወሎ ልጅ ናት። ነገር ግን ገበያ በጀግኖች አይቆምም። ጤናማ ገበያ መካከለኛ ችሎታ ያለው ተራ ተመራቂ ተራ ሥራ የሚያገኝበት ነው። ደህና የሒሳብ ሠራተኛ ለመሆን የዓለም ሽልማት የሚያስፈልግ ከሆነ ገበያው ታሟል ማለት ነው።

ጉዳዩ ለራያ ቆላ አጣዳፊ የሆነበት ምክንያትም አለ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦን ደጋግሞ ረግጧታል። ከዚያ ዘመን እግሩን ወይም ዓይኑን ያጣ ወጣት ዛሬ በየክፍሉ ተቀምጧል፤ ነገ ደግሞ ሥራ ፈላጊ ነው። መንግሥትም ቤተሰብም ለእያንዳንዱ ተማሪ የአሥራ ምናምን ዓመት ትምህርት ወጪ አውጥተዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ዕጩ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ስለሚወስድ፣ ፈተናውን ያለፈ አካል ጉዳተኛ ዕውቀቱን እንደማንኛውም ተማሪ አስመስክሯል። ይህን ሁሉ ከከፈሉ በኋላ ልጁን ቤት ማስቀመጥ በቆቦ ሜዳ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ ፓምፑን ሳይገጥሙ እንደ መተው ነው። ውኃው አለ፤ ወጪው ወጥቷል፤ ሽንኩርቱ ግን በጥም ይደርቃል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በዚህ ጸሐፊ እምነት ትልቅ በጀት ሳይጠበቅ ሊጀመሩ የሚችሉ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ በየኮሌጁ፣ በዞኑ ደግሞ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ፣ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የልምምድ ቦታ የሚፈልግ አንድ ተጠሪ ይመደብ። ይህ ሰው ልምምዱ ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው ቀጣሪዎችን በእግሩ ዞሮ ያነጋግር። በአሜሪካ የሠራተኛና የመከላከያ መሥሪያ ቤቶች በጋራ ያካሄዱት ፕሮግራም መሠረቱ ይኸው ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መልማዮች አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን አንድ በአንድ አነጋግረው ስማቸውንና ሙያቸውን በመዝገብ ያሰፍሩ ነበር፤ መሥሪያ ቤቶችም ለበጋ ልምምድና ለቋሚ ሥራ ከመዝገቡ ይመርጡ ነበር። ለቆቦ አንድ ደብተር ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ተማሪው ከጠቅላላው ደብዳቤ ጋር አንድ ገጽ ወረቀት ይያዝ። በወረቀቱ ላይ የሚችለው ሥራና የሚያስፈልገው ነገር በግልጽ ይጻፍ። "የሒሳብ መዝገብ እይዛለሁ፤ በኮምፒዩተር እሠራለሁ፤ ምድር ቤት ያለ ጠረጴዛ ያስፈልገኛል" የሚል ሦስት መስመር የኃላፊውን ጭንቀት ግማሹን ያቃልላል። ዓይነ ስውር ለሆነ ተማሪ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይረው ኤንቪዲኤ የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ነው። ቀጣሪው ብዙ ጊዜ የሚፈራው ያልሰማውን ወጪ ነው።

ሦስተኛ፣ የመጓጓዣ ነገር ይታሰብበት። ደመወዝ የሌለው ልምምድ ለጤነኛው ተማሪ የእግር መንገድ ነው። በክራንች ለሚሄደው ግን በየቀኑ የባጃጅ ደርሶ መልስ ነው። ስለዚህ ልምምዱ "ነፃ" የሚሆነው ለአንዱ ብቻ ነው። ይህችን ልዩነት ኮሌጁ ወይም ተቀባዩ ድርጅት ቢሸፍን በወር ከአንድ መሥሪያ ቤት የሻይ ወጪ ብዙም አይበልጥም።

አራተኛ፣ ልምምዱ ሲያልቅ ተቀባዩ ክፍል የተሠራውን ሥራ በዝርዝር የሚገልጽ ማስረጃ ይስጥ። የቆቦ ንዑስ ጣቢያ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ የባንክ ቅርንጫፎችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት እያንዳንዳቸው በዓመት አንድ ተማሪ ቢቀበሉ እንኳ ለሚቀጥለው ቀጣሪ የሚታይ እፍኝ ይኖራል።

"ጤነኛው ተመራቂ ራሱ ሥራ ፈትቶ ሳለ ይህ አድልዎ አይሆንም ወይ?" የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን እዚህ የተጠየቀው የማንም እንጀራ አይደለም፤ ሁለት ወር መታየት ነው። ታይቶ ያልበቃ ይመለስ፤ ገበያ ነውና። ሳይታይ የሚመለሰው ግን ለቀጣሪውም ኪሳራ ነው። ምናልባት በዚያ ሳምንት ከደጁ ከተመለሱት መካከል ከሁሉ የተሻለው እሱ ነበር።

ያቺ ተማሪ ዘንድሮ ትመረቃለች። እንደ ነገረችኝ ለሥራ ማመልከቻዋን መጀመሪያ የምትወስደው ወደዚያው ፎቅ ነው፤ ደረጃውን ከወዲሁ ቆጥራዋለች፤ አሥራ ስምንት ነው። ኃላፊው ዘንድሮም ከመቀመጫቸው ተነስተው እንደሚቀበሏት አልጠራጠርም። ከውኃው በፊት የሒሳብ ደብተር ቢያቀርቡላት ግን ለሁለቱም ይበጃል።