የቴሌቪዥን ክርክር የሚለውጠው ማንን ነው?

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 ካማላ ሃሪስና ዶናልድ ትራምፕ በፊላደልፊያ ከተማ ሲከራከሩ 67 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቴሌቪዥን ተከታትለዋቸዋል። ክርክሩ እንዳበቃ ሲኤንኤን ከተመልካቾች በሰበሰበው አስተያየት 63 በመቶው ሃሪስ እንደበለጡ ሲመሰክሩ፣ ለትራምፕ የፈረዱት 37 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከስምንት ሳምንት በኋላ ግን ብርቱ ፉክክር የተደረገባቸውን ሰባቱንም ግዛቶች ትራምፕ ወሰዱ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ2004 ጆን ኬሪ፣ በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በመድረኩ ላይ ብልጫ እንዳሳዩ የተመልካቾች አስተያየት ቢያመለክትም ሁለቱም ፕሬዚዳንት አልሆኑም። በአንጻሩ ሮናልድ ሬጋን በ1984፣ ባራክ ኦባማ በ2012 በመጀመሪያው ክርክራቸው ደክመው ቢታዩም ምርጫውን አሸንፈዋል፤ እንዲያውም ሬጋን ከ50 ግዛቶች 49ኙን ጠቅልለዋል። እንግዲህ በየአራት ዓመቱ «ወሳኝ ምሽት» እየተባለ የሚታወጅለት መድረክ በእርግጥ የሚወስነው ምንድን ነው?

እምነቱ የተወለደው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 1960 በቺካጎ ነው። ሪቻርድ ኒክሰን በጉልበት ሕመም ሆስፒታል ሰንብተው የወጡ ስለነበሩ ፊታቸው ገርጥቶ ታየ፤ ጆን ኬኔዲ ግን ተዝናንተው ቀረቡ። በሬዲዮ ያዳመጡት ለኒክሰን፣ በቴሌቪዥን ያዩት ለኬኔዲ ፈረዱ የሚለው ትረካ እስከ ዛሬ ይነገራል። የትረካው ዋና መሠረት ግን አንድ የገበያ ጥናት ድርጅት ያካሄደው ቅኝት ነው፤ በውስጡ የተካተቱት የሬዲዮ አድማጮች ቁጥራቸው አነስተኛ፣ ከክርክሩ በፊት የነበራቸው የፖለቲካ ዝንባሌም ያልተጣራ ነበር። ኬኔዲ ያሸነፉት ከ68 ሚሊዮን በላይ ድምፅ በተሰጠበት ምርጫ ከ120 ሺህ ባነሰ ልዩነት ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ሲጠብ ክርክሩም፣ የካቶሊክ መራጮች ድጋፍም፣ የኢኮኖሚው መቀዛቀዝም እያንዳንዳቸው የድሉ ምክንያት ተደርገው ሊቀርቡ ይችላሉ፤ አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማረጋገጥ ግን አይቻልም።

ከነጠላ ታሪክ ይልቅ ሰፊ ማስረጃ ለሚሻ፣ ካሮሊን ለፔኔክና ቪንሰንት ፖንስ በ2023 ያሳተሙት ጥናት አለ። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከ1952 ወዲህ በአሥር አገሮች የተካሄዱ 62 ምርጫዎችንና 56 የቴሌቪዥን ክርክሮችን መረመሩ። መራጩ ከምርጫው በፊት ለማን እንደሚሰጥ የተናገረውን፣ ኋላ ሰጠሁ ካለው ድምፅ ጋር አነጻጸሩ። ቀኑ በቀረበ ቁጥር መራጮች ወደ መጨረሻ ውሳኔያቸው እየተጠጉ እንደሚሄዱ አገኙ። ክርክሮቹ በዚህ ጉዞ ላይ ያሳደሩት የሚለካ ተጽዕኖ ግን አልታየም፤ ቁርጥ ሐሳብ ባልያዙት መራጮች ዘንድ እንኳ።

ምክንያቱን ለመገመት አይከብድም። ዘጠና ደቂቃ ቁጭ ብሎ ክርክር የሚያይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለፖለቲካ ቅርብ ነው፤ ለፖለቲካ ቅርብ የሆነ ሰው ደግሞ ወገኑን ከመረጠ ቆይቷል። የሚቀመጠውም የራሱን ሰው ሊደግፍ እንጂ ሊዳኝ አይደለም። ተፎካካሪዎቹም ለዓመታት በየዕለቱ ሲታዩና ሲሰሙ የኖሩ በመሆናቸው፣ መድረኩ ስለ እነርሱ የሚጨምረው አዲስ ነገር ጥቂት ነው።

ይሁንና ከዚህ ተነሥቶ ክርክር ከንቱ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2024 ጆ ባይደን በአትላንታ ከትራምፕ ጋር ሲከራከሩ ሐሳባቸው ሲቆራረጥና ድምፃቸው ሲደክም ታየ። በቀጣዮቹ ቀናት የሕዝብ አስተያየት የተንቀሳቀሰው በጥቂት ነጥብ ብቻ ነው። የተናወጡት የፓርቲያቸው መሪዎች፣ የምክር ቤት አባላትና ገንዘብ ሰጪዎች ነበሩ፤ ጁላይ 21 ቀን ባይደን ከውድድሩ ወጡ። ያ ምሽት የአሜሪካን ታሪክ አቅጣጫ የቀየረው መራጩን በማሳመን አልነበረም፤ በዝግ በር ሲወራ የኖረውን ጉዳይ አደባባይ በማውጣት ነው።

መራጩ ተፎካካሪዎቹን በማያውቅበት አገር ሚዛኑ ይለያል። በ2012 በሴራሊዮን ለፓርላማ የተወዳደሩ ዕጩዎች ያደረጉት ክርክር በቪዲዮ ተቀርጾ በየመንደሩ ለሕዝብ ታየ። ጉዳዩን ያጠኑት ተመራማሪዎች መራጮች ስለ ዕጩዎቹ ያላቸው ዕውቀት እንደጨመረና በክርክሩ የበለጡት ተጨማሪ ድምፅ እንዳገኙ አረጋገጡ። ከሁሉ የሚልቀው ግኝት ግን ሌላ ነው፦ በክርክሩ ተሳትፈው የተመረጡት እንደራሴዎች ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ሕዝቡ ተመላልሰዋል፤ ለአካባቢያቸው ልማት ያዋሉት ገንዘብም በልጧል። ቃል በሕዝብ ፊት ሲነገር ተናጋሪውን ያስረዋል።

የኢትዮጵያ ልምድም ከዚህ አይርቅም። በአገሪቱ የሚወዳደሩት ፓርቲዎች እንጂ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩዎች አይደሉም፤ ነገር ግን በ1997ቱ ምርጫ ዋዜማ በመንግሥት ቴሌቪዥን የተላለፉት ክርክሮች ለብዙዎች ባለሥልጣናት በተቃዋሚዎች ሲሞገቱ የታየባቸው የመጀመሪያ መድረኮች ነበሩ። በተሰናባቹ ምክር ቤት ከ547 መቀመጫዎች 12 ብቻ የነበሯቸው ተቃዋሚዎች በይፋዊው ውጤት ከ170 በላይ አገኙ፤ የአዲስ አበባን 23 መቀመጫዎች በሙሉ ቅንጅት ወሰደ። ይህን ሁሉ ለክርክሩ ብቻ መስጠት አይቻልም፤ የፓርቲዎቹ መሰባሰብና የሕዝቡ ብሶትም ድርሻ ነበራቸው። ለዚህ ምስክሩ የ2002ቱ ምርጫ ነው። ያኔም ክርክር በቴሌቪዥን ተላልፏል፤ ተቃዋሚ ፓርቲዎች በምክር ቤቱ ያገኙት ግን አንድ መቀመጫ ነበር። በሁለቱ ምርጫዎች መካከል መሪዎች ታስረዋል፤ በ2001ም የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና የፀረ ሽብርተኝነት ሕጎች ወጥተዋል። ካሜራው ባለበት ሆኖ ሳለ በዙሪያው ያለው ምኅዳር ጠብቦ ነበር።

ስለ አገር ቤት ምርጫ የሚጽፉና የሚያማክሩ በውጭ የሚኖሩ ባለሙያዎች ከአሜሪካው መድረክ ሲነሡ በማግስቱ «ማን አሸነፈ?» የሚለውን ጥያቄ ይዘው ይሄዳሉ። ይህ ጥያቄ በተወለደበት አገር እንኳ ብዙ አላስተማረም። የሚሻሉት ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው፦ ሰዓቱን የሚደለድለው ማን ነው? ጥያቄውን የሚያወጣውስ ከተከራካሪዎቹ የአንዱ ታዛዥ ነው ወይስ ገለልተኛ? ክርክሩ መራጩ በሚሰማው ቋንቋ፣ ከከተማ ውጭ ባለው ሬዲዮ ይደርሳል? የተከራከረው ሰው በማግስቱ ያለ ሥጋት ቤቱ ያድራል? የተሰጠውስ ቃል ከምርጫው በኋላ ተመዝግቦ ይጠየቅበታል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በሌለበት፣ ክርክር የአንድ ምሽት ትርዒት ሆኖ ያልፋል። መልስ ባለበት ግን የአንድም መራጭ ሐሳብ ባይለወጥ እንኳ ፋይዳው አይጠፋም፤ ሥልጣን የያዘ ሰው በሕዝብ ፊት ተጠይቆ መመለስን ይለምዳልና።