«የክትባት ሙከራ ነው፣ ፈርሚ» ቢሉሽ

እህቴ፣ በኮሮና ጊዜ በ2020 ኤምሬትስና ባህሬን ውስጥ የቻይና ክትባት ሲሞከር ከ40 ሺህ በላይ ሰው በፈቃዱ ተወግቷል። ሁሉም ግን ክትባት አልደረሰውም። ሰዉ በዕጣ ሦስት ቦታ ተከፈለ። ሁለቱ ቡድኖች ሁለት ዓይነት ክትባት ሲያገኙ፣ ሦስተኛው የተወጋው ክትባት የሌለበትን መርፌ ነው። ይሄ ፕላሴቦ ይባላል፣ ማስመሰያ ማለት ነው። ማን የቱን እንደተወጋ ተሳታፊው አያውቅም።

ለምን እንዲህ ይደረጋል? ሳይወዳደር ክትባቱ መሥራቱ አይታወቅም። በመጀመሪያው ውጤት ከተከተቡት ቡድኖች የታመሙት 26 እና 21 ነበሩ፣ ከማስመሰያው ቡድን ግን 95። በጠና የታመሙት ሁለት ሰዎችም ማስመሰያ የደረሳቸው ናቸው።

ታዲያ ግፍ ነው ወይ? ሙከራው ሲጀመር አልነበረም እላለሁ። ያኔ የተረጋገጠ ክትባት ማንም ጋ ስላልነበረ ማስመሰያ የደረሰው ሰው የተነጠቀው ነገር የለም። ክትባቱ እንደሚሠራ ከታወቀ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። በዲሴምበር 2020 ሁለቱም አገሮች ክትባቱን ፈቀዱ። መከላከያ እያለ ሰውን ሳይነግሩ በባዶ መርፌ ማቆየት፣ የትም አገር ይሁን፣ ግፍ ነው።

ሌላ መንገድም አለ። በ2024 ውጤቱ የተሰማው የኤችአይቪ መከላከያ መርፌ፣ ሌናካፓቪር፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ከ5 ሺህ በላይ ወጣት ሴቶች ላይ ተሞክሯል። የመከላከያ ኪኒን ቀድሞም ስለነበረ ማስመሰያ ብቻ ተሰጥቷት የቀረች ሴት የለችም። ሁሉም ወይ መርፌውን ወይ ኪኒን አገኙ። መርፌው ከደረሳቸው 2,134 ሴቶች አንዷም በቫይረሱ አልተያዘችም።

እኛ ሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች ላይ ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለ። ማዳም «ሂጂ ተወጊ» ካለች እምቢ ማለት ይከብዳል። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የሄልሲንኪ መግለጫ ግን ፈቃድ ያለ ጫና መሰጠት አለበት፣ በፈለጉ ጊዜም ማቋረጥ ይቻላል ይላል። አካሉ ያንቺ ነው፣ ፊርማውም ያንቺ ነው።

ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት እነዚህን ጠይቂ፦

- ይህን በሽታ የሚከላከል የተረጋገጠ ነገር አሁን አለ ወይ?
- ማስመሰያው ቢደርሰኝ እውነተኛውን መቼ አገኛለሁ?
- ብታመም ማን ያሳክመኛል?
- የምፈርመውን በአማርኛ የሚያስረዳኝ አለ ወይ?

መልስ ካጣሽ አትፈርሚ። ከፈረምሽም «ተወግቻለሁ» ብለሽ አትዘናጊ። የደረሰሽ የትኛው መርፌ እንደሆነ እስኪነገርሽ ድረስ እንዳልተከተበ ሰው ተጠንቀቂ።