ወርቁ ከመታጠቡ በፊት ይመዘን

ዒድ ሲቃረብ እናቶችና እህቶች ዓመቱን ሙሉ በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀመጡትን ሀብል፣ ጉትቻና አምባር አውጥተው ማጽዳት ይጀምራሉ። ደስ የሚል ልማድ ነው። የሚያሳስበን ግን ወርቃቸውን ለማሳጠብ ሳይመዝኑ ለማያውቁት ሰው የሚሰጡ ቤተሰቦች መኖራቸው ነው።

ወርቅ በተራ አሲድ አይሟሟም። የናይትሪክና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ድብልቅ ግን ያሟሟዋል። በዚያ ፈሳሽ ውስጥ የተነከረ አምባር አብረቅርቆ ይመለሳል፤ ከላዩ የተገፈፈው ወርቅ ግን ፈሳሹ ውስጥ ቀርቷል። ባለቤቷ በዓይኗ አይታ አታውቀውም፣ የሚያውቀው ሚዛን ብቻ ነው። ስለዚህ የሚታመን ወርቅ ሠሪ ዘንድ እንኳ ሲኬድ፣ ሲገባም ሲወጣም ይመዘን። ይህን መጠየቅ ሰውን መጠራጠር አይደለም፤ አላህ መስፈሪያና ሚዛን እንድናሟላ ያዘዘው ለሁላችንም ነው።

ደግሞስ አብዛኛው ጌጥ ከቤት መውጣት አያስፈልገውም። ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጎ ወርቁን ጥቂት ደቂቃ ማቆየት፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብሎ መቦረሽ፣ አለቅልቆ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ ይበቃል። የሚታጠበው በሳህን ውስጥ እንጂ በሚፈስ ቧንቧ ሥር አይሁን፤ ፈርጥ ቢወልቅ ሳህኑ ውስጥ ይገኛል። በረኪና ወርቁ የተቀላቀለበትን ማዕድን ይጎዳል፣ ብርንም ያጠቁራል። አመድና የጥርስ ሳሙና ይቧጭራሉ። ሽቶና የፀጉር ቅባትም ያደበዝዛሉና ጌጡ የሚደረገው እነርሱ ከደረቁ በኋላ ነው።

የሐረር እናቶች ለልጆቻቸው ያቆዩትን የብር ጌጥ ግን በተለየ እንያዘው። በቅርጹ ስንጥቆች ውስጥ ያለው ጥቁረት የውበቱ ክፍል ነው፤ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ከላይ ማሸት በቂው ነው። የአምበር ጨሌም ውሃ ውስጥ አይዘፈዘፍ፣ ሽቶም አይንካው።

እግረ መንገዳችንን፦ ጣት ላይ የጠበቀ ቀለበት ውሃ ወደ ቆዳው እንዳይደርስ የሚከለክል ከሆነ በውዱእ ጊዜ መነቃነቅ አለበት። ብዙዎች ይዘነጉታል።

ወርቁ ከሣጥን ከወጣና ከተመዘነ ዘካውንም አብሮ ማሰብ ይቀላል። የወርቅ ኒሳብ 20 ሚስቃል ሲሆን፣ ብዙ ዑለማኦች በዛሬ መለኪያ 85 ግራም ንጹሕ ወርቅ ያደርጉታል። «ንጹሕ» የሚለው ቃል ይስተዋል። 100 ግራም ባለ 21 ካራት ጌጥ ውስጥ 87.5 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለ፤ ኒሳቡ ሞልቷል። 100 ግራም ባለ 18 ካራት ውስጥ ግን 75 ግራም ብቻ ነው፤ ለብቻው አልሞላም። ኒሳብ ሞልቶ የጨረቃ ዓመት ከዞረበት የሚወጣው ከመቶ 2.5 ነው።

ለመዋቢያ የሚደረግ ጌጥ ዘካ አለበት ወይስ የለበትም በሚለው መዝሀቦች ተለያይተዋል። ሐነፊዎች አለበት ይላሉ፤ በሻፊዒ መዝሀብ የጸናው አቋም ደግሞ ሴት የምትዋብበት የተፈቀደ ጌጥ የለበትም የሚል ነው። በአገራችን ሁለቱም ስላሉ ማንም በማንም ላይ ጣት አይቀስር። ለሀብት ማቆያ ተብሎ ሣጥን ውስጥ የተከማቸው ግን ጌጥ ስለተባለ ብቻ ከዘካ አያመልጥም። በሚደረገውም ቢሆን ማውጣቱ ለጥንቃቄ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን። ሚስኪን ጎረቤትም በዚህ ወር ይጠብቃል።

አንድ ነገር ለባሎች እንበል። በመህር የተሰጠ ወርቅ የሚስት ነው። ያለ ፈቃዷ አይሸጥም፣ ለንግድ መነሻም አይወሰድም። ዘካውም የእርሷ ግዴታ ነው፤ ባል ሊከፍልላት ከፈለገ በእርሷ ፈቃድ ይክፈል። በፍቺ ወይም በውርስ ጊዜ «የእኔ ነው፣ የእናቴ ነው» የሚለው ክርክር ሽማግሌ የሚያደክመው የተጻፈ ነገር ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ወርቁ ሲመዘን የእያንዳንዱ ጌጥ ክብደት፣ ካራቱና የማን እንደሆነ በወረቀት ይጻፍ፤ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበትና ወረቀቱ ከሣጥኑ ውጭ በሌላ ቦታ ይቀመጥ።